የፊት ፓነል ጽሑፍ

የፊት ፓነል ጽሑፍ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ሳጥን ፊት ላይ የሚሰፍር፣ የእያንዳንዱን ማዞሪያ፣ ማብሪያ፣ ሶኬትና አመልካች መብራት ሥራ የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ምልክትና የመለኪያ መስመር ነው። ፋብሪካዎች ይህን ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በስክሪን ህትመት ወይም በቅርጽ ሥራ ያኖሩታል። መሣሪያውን ራሱ በቤቱ ወይም በትምህርት ቤት ወርክሾፕ የሚሠራ ሰው ግን አንድ ፓነል ብቻ ስለሚያስፈልገው፣ ለብዙ ምርት የታሰበው የፋብሪካ ዘዴ አያዋጣውም። ስለዚህ በኮምፒውተር ማተሚያ፣ በፎቶ ኮፒ ቤት ላሜኔሽን፣ በካውያ፣ በውሃ በሚላቀቅ ፊልም ወይም በሌዘር ቅርጽ የሚሠሩ ልዩ ልዩ ዘዴዎች ተፈጥረዋል።

በዘዴዎቹ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ውበት ሳይሆን ዕድሜ ነው። በማንኛውም ዘዴ የተሠራ ጽሑፍ በተለጠፈበት ዕለት ያምራል፤ ከዓመታት በኋላ መነበቡን የሚወስኑት ግን ቀለሙ ከምን እንደተሠራ፣ ከወለሉ ጋር እንዴት እንደተያያዘ እና የጣት ላብ እንዳይደርሰው በምን እንደተሸፈነ ነው።

## አስፈላጊነት

የመሣሪያው ሠሪ የትኛው ማዞሪያ ምን እንደሚሠራ በቃሉ ያውቃል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ራሱም ይረሳዋል፤ መሣሪያውን የሚጠቀም ሌላ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም አያውቀውም። ስህተቱ በሚከተሉት ሦስት ቦታዎች ላይ ከተፈጠረ ጉዳት ያስከትላል።

የመጀመሪያው የኃይል ማውጫ ሶኬት ነው። ከ0 እስከ 30 ቮልት በሚሰጥ የጠረጴዛ ፓወር ሰፕላይ ላይ የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ምልክት ቢቀያየር፣ ከእሱ ጋር የሚገናኘው ሰርኪዩት በቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። የቮልቴጅና የከረንት ገደብ ማዞሪያዎች ስም ቢቀያየርም እንዲሁ ነው፤ ከረንቱን ዝቅ ያደረገ የመሰለው ሰው በእርግጥ ቮልቴጁን እየቀየረ ነው።

ሁለተኛው የፊውዝ ማስቀመጫ ነው። አጠገቡ የአምፔር መጠኑ ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም መጻፍ አለበት። በላቲን ፊደል «ቲ» የሚል ምልክት ያለው ፊውዝ ቀስ ብሎ የሚቃጠል ሲሆን፣ «ኤፍ» የሚል ምልክት ያለው ደግሞ ፈጥኖ የሚቃጠል ነው። ትራንስፎርመር ያለው መሣሪያ ሲበራ ለአጭር ጊዜ ከተለመደው የበለጠ ከረንት ስለሚስብ፣ መጠኑ ትክክል የሆነ ነገር ግን ፈጥኖ የሚቃጠል ፊውዝ ከገባለት ደጋግሞ ሊቃጠል ይችላል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ትልቅ ፊውዝ ወይም ቁራጭ ሽቦ ሲያስገባበት መከላከያው ይጠፋል፤ ቀጣዩ ብልሽት የእሳት አደጋ ይሆናል። በፓነሉ ላይ የሚጨመር አንድ ፊደል ይህን ያስቀራል።

ሦስተኛው የመብራት ኃይል መግቢያ ነው። በኢትዮጵያ የቤት መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ሲሆን፣ በአሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። መሣሪያው ከአገር ወደ አገር የሚጓዝ ከሆነ ወይም የቮልቴጅ መምረጫ ካለው፣ የሚሠራበት ቮልቴጅ በመግቢያው አጠገብ መጻፉ ግዴታ ነው ሊባል ይችላል።

## ታሪክ

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሬዲዮ በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ፓነላቸውን ከኢቦናይት ወይም ከባክላይት ይቆርጡ ነበር። ጽሑፉ በሹል መሣሪያ ይቀረጽና ጉድጓዱ በነጭ ቀለም ይሞላ ነበር። በእንግሊዝ ማንቸስተር በትራፎርድ ፓርክ የነበረው ሜትሮፖሊታን ቪከርስ እ.ኤ.አ. በ1927 ትራፎላይት የተባለውን ባለ ብዙ ቀለም ንብርብር ፕላስቲክ አዘጋጀ። የላይኛው ንብርብር ሲቀረጽ የታችኛው ቀለም ፊደል ሆኖ ይወጣል። ይህ ሐሳብ ዛሬም በሌዘር በሚቀረጹ ባለ ሁለት ቀለም ሰሌዳዎች ላይ ይታያል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቤት የሚገጣጠሙ መሣሪያዎች ተስፋፉ። በአሜሪካ ሚሺገን የነበረው ሂዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1947 የኦሲሎስኮፕ መገጣጠሚያ ዕቃ መሸጥ ጀመረ። የዚህ ኩባንያ ዕቃዎች ጽሑፉ ከታተመበት ፓነል ጋር ይመጡ ስለነበር፣ በቤት የተገጣጠመ መሣሪያ የፋብሪካ መልክ ይዞ መታየቱ የተለመደ ሆነ። ንድፉን ከመጽሔት ወስዶ ከባዶ የሚሠራው ሰው ግን ጽሑፉን ራሱ ማዘጋጀት ነበረበት።

ለዚህ ሁለት ዕቃዎች አገለገሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተው ዳይሞ ያቀረበው፣ በፕላስቲክ ጥብጣብ ላይ ፊደል እየተጫነ የሚያወጣ የእጅ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1959 በለንደን የተመሠረተው ሌትራሴት በ1960ዎቹ ያስፋፋው በመፋቅ የሚተላለፍ ደረቅ ፊደል ነው። ፊደሎቹ በግልጽ ፊልም ላይ ታትመው ይመጣሉ፤ ፊልሙን በፓነሉ ላይ አስቀምጦ በድፍን ጫፍ ሲፋቅ ፊደሉ ወደ ፓነሉ ይተላለፋል። ይህ ዘዴ በአግባቡ ከተሸፈነ የፋብሪካ ህትመት ይመስላል፤ ሆኖም እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው ማሰለፍ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ብዙ የሚደጋገሙ ፊደሎችም ቀድመው ያልቃሉ።

ሁለቱም ዕቃዎች ለላቲን ፊደል የታሰቡ ነበሩ። የጥብጣብ መጫኛው ጎማ የሚይዘው በአሥሮች የሚቆጠሩ ፊደሎችን ሲሆን፣ የአማርኛ ፊደል ገበታ ግን በሰባቱ እርከኖች ሲቆጠር ከ200 በላይ ቅርጾች አሉት። በእንዲህ ዓይነት ጎማ አማርኛን ማውጣት አይቻልም ማለት ነው።

ለውጡ የመጣው ጽሑፍን እንደ ሥዕል ከሚያትሙ መሣሪያዎች ጋር ነው። ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1938 የመጀመሪያውን የደረቅ ዱቄት ቅጂ ኒውዮርክ ውስጥ ሠራ። ከዚሁ ሐሳብ የተነሣው የሌዘር ማተሚያ እ.ኤ.አ. በ1984 ሂውሌት ፓካርድ ሌዘርጄትን ካወጣ በኋላ ወደ ቢሮዎች ተስፋፋ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ ከገባ ወዲህ ደግሞ የአማርኛ ፓነል ጽሑፍ መሥራት ከላቲኑ የተለየ ችግር የለበትም።

## ንድፍ

### የፊደል መጠን

ለንባብ የሚመቸው የፊደል ቁመት በአማካይ ከንባቡ ርቀት አንድ ሁለት መቶኛ ያህል ነው። በሥራ ጠረጴዛ ላይ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ለሚታይ መሣሪያ ይህ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በኮምፒውተር የሚሰጠው የፊደል መጠን የሚለካው በነጥብ ነው፤ አንድ ነጥብ 0.35 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሆኖም ይህ ቁጥር የፊደሉን ሙሉ ማረፊያ ቦታ እንጂ የሚታየውን ቅርጽ ብቻ አይለካም። ስለዚህ «12 ነጥብ» የተባለ ፊደል በማስመሪያ ሲለካ 4.2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የሚሻለው በ10፣ በ12 እና በ14 ነጥብ አትሞ፣ መሣሪያው በሚቀመጥበት ርቀት ላይ አስቀምጦ ማየት ነው።

የአማርኛ ፊደል ከላቲን አቢይ ፊደል ትንሽ ከፍ ያለ መጠን ይፈልጋል። ምክንያቱም «በ»፣ «ቡ»፣ «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት በአንዲት አጭር ጭረት ነው፤ «ቦ» እና «ቮ» የሚለያዩትም በላዩ ላይ ባለ መስመር ነው። እነዚህ ጭረቶች በደካማ ህትመት ወይም በቅርጽ ሥራ ከጠፉ ቃሉ ይለወጣል። ጭረታቸው እኩል ውፍረት ያለው እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያሉ ፊደላት፣ ቀጭንና ወፍራም ጭረት እያፈራረቁ የብዕር አጻጻፍን ከሚከተሉት ይልቅ ለፓነል ይስማማሉ።

### ቃላትና ምልክቶች

በፓነል ላይ አጭር ቃል ይመረጣል። «መግቢያ»፣ «መውጫ»፣ «ድምፅ»፣ «ቮልቴጅ»፣ «የከረንት ገደብ»፣ «ፊውዝ» የሚሉት በቂ ናቸው። ለማብሪያና ማጥፊያ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን በ60417 ቁጥር ባወጣው የምልክቶች ስብስብ ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር «በርቷል»፣ ክብ «ጠፍቷል» ማለት ነው። ቋንቋ የማይገድባቸው ስለሆኑ ቦታም ይቆጥባሉ። በዚሁ ስብስብ ውስጥ የመከላከያ መሬት መስመር ምልክት በክብ ውስጥ ያለ የመሬት ምልክት ነው፤ ይህ ምልክት ለመከላከያ መሬት መስመር መያዣ ብቻ እንጂ ለተራ የሰርኪዩት ዜሮ መስመር አይደረግም።

ቀይና ጥቁር ቀለም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭን ለመለየት የተለመዱ ናቸው። ቢሆንም ቀለም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎች ስላሉ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አብሮ ይጻፋል። ስያሜው ከማዞሪያው በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ከታች ከሆነ በሚያዞረው እጅ ይሸፈናል።

### የማዞሪያ መለኪያ

ተራ ፖቴንሺዮሜትር ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዞረው ከ270 እስከ 300 ዲግሪ ነው። መለኪያው ከ0 እስከ 10 ከሆነ በመካከሉ አሥር ክፍተቶች አሉ፤ ስለዚህ ለ300 ዲግሪ በየ30 ዲግሪው፣ ለ270 ዲግሪ ደግሞ በየ27 ዲግሪው ምልክት ይደረጋል። አሥራ ሁለት ቦታ ያለው መራጭ ማብሪያም በየ30 ዲግሪው ይቆማል። ትክክለኛው የመዞሪያ ስፋት ከመሣል በፊት በፕሮትራክተር ይለካል።

መለኪያው እውነተኛ ቮልት ወይም ኸርዝ የሚያሳይ ከሆነ እኩል መከፋፈል አይሠራም። በተለይ ለድምፅ የሚውለው ሎጋሪዝማዊ ፖቴንሺዮሜትር እሴቱ በመጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ በኋላ ፈጥኖ ይጨምራል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ጊዜያዊ ወረቀት ይለጠፋል። መሣሪያው ይበራና በመልቲሜትር እየተለካ 5፣ 10፣ 15 ቮልት የሚሰጥባቸው ቦታዎች በእርሳስ ይመለከታሉ። ወረቀቱ ከተነሣ በኋላ ማዕዘኖቹ ተለክተው የመጨረሻው ንድፍ ይሣላል። በዚህ መንገድ የተሠራ መለኪያ የዚያን መሣሪያ ትክክለኛ ጠባይ ይከተላል።

### ሥዕሉን ማዘጋጀት

ንድፉ በሚሊ ሜትር በሚሠራ የመስመር ሥዕል ፕሮግራም ይዘጋጃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለው ነጻ ፕሮግራም ኢንክስኬፕ ለዚህ በስፋት ያገለግላል። የቀዳዳዎች ማዕከል በቀጭን መስቀል ይመለከታል፤ መስቀሉ በመጨረሻው ጽሑፍ ላይ እንዳይታይ ለብቻው በሌላ ንብርብር ይቀመጣል።

በማተም ጊዜ መጠኑ 100 በመቶ መሆን አለበት። «ከገጹ ጋር አስተካክል» የሚለው ምርጫ ሥዕሉን ሳይታወቅ ያሳንሳል፤ 97 በመቶ ከሆነ የ200 ሚሊ ሜትር ፓነል 194 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ቀዳዳዎችም አይገጥሙም። ስለዚህ በሥዕሉ ጠርዝ ላይ የ100 ሚሊ ሜትር መስመር ተሥሎ ከህትመት በኋላ በማስመሪያ ይመረመራል።

## የአሠራር ዘዴዎች

### ላሜኔት የተደረገ ወረቀት

በጣም ርካሹና በቀላሉ የሚገኘው ዘዴ ነው። ንድፉ በሌዘር ማተሚያ በወፍራም ነጭ ወረቀት ይታተማል፤ ከዚያም በፎቶ ኮፒ ቤት ላሜኔት ይደረጋል። ጀርባው ባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር ተለጥፎበት በፓነሉ ላይ ይጣበቃል፤ ቀዳዳዎቹ በሹል ምላጭ ይከፈታሉ።

ድክመቱ ጠርዙ ነው። የላሜኔሽኑ ሁለት ፊልሞች ከወረቀቱ ውጭ ተገናኝተው ካልተጣበቁ እርጥበት በጎን ይገባል። ስለዚህ ወረቀቱ ከፓነሉ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አንሶ ይቆረጣል፤ ፊልሙ ግን እስከ ፓነሉ ጠርዝ ይደርሳል። በቀዳዳዎች ዙሪያ ወረቀቱ መጋለጡ አይቀርም፤ ይህ ክፍል በዳዶና በሮንዴላ ስለሚሸፈን ብዙ አይጎዳም። አንጸባራቂ ፊልም ከላዩ ባለ መብራት ሥር ለማንበብ ስለሚያስቸግር፣ ከተገኘ ደብዛዛው ይመረጣል።

### በግልጽ ፕላስቲክ ጀርባ የታተመ ጽሑፍ

ንድፉ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ በግልጽ ፊልም ላይ ይታተምና የታተመው ገጽ ወደ ፓነሉ ይዞራል። ቀለሙ ከፊልሙ በታች ስለሆነ ጣት አይነካውም፤ ጽሑፉ የሚጠፋው ፊልሙ ራሱ ሲያልቅ ብቻ ነው። ከኋላው ነጭ ስቲከር ወይም ቀለም ሲደረግ ፊደሉ ጎልቶ ይታያል። ፊልሙ ለማተሚያው ዓይነት የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ ለቀለም ማተሚያ የታሰበ ፊልም ሌዘር ማተሚያ ውስጥ ቢገባ ቀልጦ ማተሚያውን ያበላሻል።

ተመሳሳይ ዘዴ ታትሞ የተቀመጠን ወረቀት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው አክሪሊክ መሸፈን ነው። ጽሑፉን መቀየር ሲያስፈልግ ወረቀቱ ብቻ ይለወጣል። የማዞሪያዎቹ ባለ ጥርስ አንገት ግን ተጨማሪውን ውፍረት አልፎ ዳዶ ለመያዝ የሚበቃ ርዝመት ሊኖረው ይገባል።

### በካውያ የሚተላለፍ ቶነር

የሌዘር ማተሚያ ቶነር በዋናነት የፕላስቲክ ዱቄት ነው፤ በሙቀት ቀልጦ ከወረቀት ጋር ይያያዛል። እንደገና ሲሞቅ ደግሞ ወደ ሌላ ወለል ሊሸጋገር ይችላል። ንድፉ ተገልብጦ በሚያንጸባርቅ ወረቀት ላይ ይታተማል፣ በጸዳ አሉሚኒየም ላይ በፊቱ ይደፋል፣ ከዚያም በጋለ ካውያ ለጥቂት ደቂቃዎች ይጫናል። ሲቀዘቅዝ በውሃ ይነከርና ወረቀቱ በጣት ቀስ ተብሎ ይላጣል። ሰርኪዩት ቦርድ በቤት የሚሠሩ ሰዎች ይህንኑ ዘዴ በመዳብ ላይ ይጠቀማሉ።

መገልበጡን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው። በአማርኛ ደግሞ ስህተቱ በስክሪን ላይ በቀላሉ አይታይም፤ «በ»፣ «ወ»፣ «ሠ» እና «ዐ» ቢገለበጡም ብዙ አይለወጡም። ስለዚህ ከማተም በፊት እንደ «ቡ» ያለ በአንድ ጎን ጭረት ያለው ፊደል ወይም ቁጥር ይመረመራል።

ቶነሩ አሲድና ጨው ስለሚቋቋም፣ ዙሪያው ያለው ብረት በኬሚካል ሊበላ ይችላል። በመዳብ ሰልፌትና በገበታ ጨው ድብልቅ ውስጥ አሉሚኒየሙ ሲነከር በቶነር ያልተሸፈነው ክፍል ይጎደጉዳል። ሂደቱ ሙቀትና በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆ፣ በጓንትና በመነጽር ይሠራል። የቀረው ፈሳሽ መዳብ ስላለበት ለዓሣና ለሌሎች የውሃ ፍጥረታት መርዝ ነው፤ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ አይደፋም።

### በውሃ የሚላቀቅ ፊልም

የአሻንጉሊት አውሮፕላንና መኪና ሞዴሎች ላይ የሚለጠፈው ፊልም ዓይነት ነው። ቀጭን ግልጽ ፊልም በውሃ በሚሟሟ ሙጫ ከወረቀት ጋር ተያይዟል። ንድፉ ሳይገለበጥ ይታተምበትና በውሃ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይቀመጣል፤ ከዚያ ፊልሙ ከወረቀቱ እየተንሸራተተ በፓነሉ ላይ ያርፋል። ከሥሩ ያለው ውሃና የአየር አረፋ ከመካከል ወደ ጠርዝ በለስላሳ ጨርቅ ይገፋል። በቀለም ማተሚያ የታተመ ከሆነ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በግልጽ አክሪሊክ ስፕሬይ መሸፈን አለበት፤ አለበለዚያ ቀለሙ ይፈስሳል።

ፊልሙ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ጠርዙ በቫርኒሽ ሥር ይሰወራል፤ ጽሑፉ በቀጥታ በብረቱ ላይ የታተመ ይመስላል። ይሁን እንጂ ተራ ማተሚያ ነጭ ቀለም የለውም፤ ስለዚህ ግልጽ ፊልም የሚያገለግለው ለነጭ፣ ለግራጫ ወይም ለሌላ ፈዛዛ ፓነል ብቻ ነው። ለጥቁር ፓነል ነጭ ፊልም ተጠቅሞ ዙሪያውን በፓነሉ ቀለም ማተም ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ጥቁሮች ማመሳሰል ደግሞ ከባድ ነው።

### የጥብጣብ ማተሚያ

እንደ ብራዘር ፒ ታች ያሉ ማተሚያዎች ጽሑፉን በሙቀት በጥብጣብ ላይ ያትማሉ። የላሜኔት ጥብጣባቸው ፊደሉን በሁለት የፕላስቲክ ንብርብር መካከል ስለሚይዘው መፋቅን በደንብ ይቋቋማል። ከኮምፒውተር ጋር በሚገናኙት ሞዴሎች የአማርኛ ፊደል እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ይታተማል። ግልጽ ጥብጣብ በቀለም በተቀባ ፓነል ላይ ከነጩ የተሻለ ይሸሸጋል። የሱቅ ደረሰኝ የሚታተምበት ዓይነት፣ ወረቀቱ ራሱ በሙቀት የሚጠቁር ስቲከር ግን ለፓነል አይሆንም፤ በብርሃን ይደበዝዛል፣ በሚሞቅ መሣሪያ ላይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል።

### ሌዘርና የሰርኪዩት ቦርድ ፓነል

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ቀለም የተነከረ አኖዳይዝድ አሉሚኒየምን ሲነካው ቀለሙን ያጠፋና ነጣ ያለ ጽሑፍ ይተዋል። ባለ ሁለት ቀለም ፕላስቲክና የተቀባ ብረትም በዚህ መንገድ ይቀረጻሉ። ፒቪሲ ግን በሌዘር አይቆረጥም፣ አይቀረጽም፤ ሲቃጠል የሚወጣው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ሳንባን ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝገዋል።

ሰርኪዩት ቦርድ የሚያመርቱ ድርጅቶች ጥቂት ቁጥር በርካሽ መሥራት ከጀመሩ ወዲህ፣ ቦርዱን ራሱን እንደ ፓነል ማሠራት ተስፋፍቷል። 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፋይበርግላስ ቦርድ ቀዳዳዎቹ ተበስተው፣ ጽሑፉ ነጭ ሆኖ ታትሞ ይመጣል። 128.5 ሚሊ ሜትር ቁመት ባላቸው የዩሮራክ የሙዚቃ ሲንተሳይዘር ፓነሎች ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ነጻ የሰርኪዩት ንድፍ ፕሮግራም የሆነው ኪካድ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 7ኛ እትሙ ጀምሮ በኮምፒውተሩ ላይ የተጫኑ ፊደላትን ስለሚቀበል አማርኛ በቀጥታ ሊጻፍበት ይችላል።

## የሥራ ቅደም ተከተል

አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከዘዴው ሳይሆን ከቅደም ተከተሉ ነው። ጽሑፉ ከተለጠፈ በኋላ ፓነሉን መብሳት ፊልሙን ይቀድዳል፤ የብረት ፍቅፋቂም ወለሉን ይጭራል። የተለመደው አካሄድ የሚከተለው ነው።

1. ማዞሪያዎቹ፣ ሶኬቶቹና ማብሪያዎቹ በእጅ ከገቡ በኋላ ይለካሉ። ዳዶው፣ ሮንዴላውና የማዞሪያው ክዳን የሚይዙት ስፋት ከቀዳዳው ስለሚበልጥ ጽሑፉ ከዚያ ውጭ ይቀመጣል።
2. ንድፉ ተሥሎ በተራ ወረቀት ይታተማል፤ ዕቃዎቹ በላዩ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። የጓዳኛውን ማዞሪያ ሳይነኩ አንዱን ለማዞር ጣት የሚበቃው ክፍተት መኖሩ ይሞከራል።
3. ወረቀቱ በፓነሉ ላይ በፕላስተር ይያዝና የቀዳዳዎቹ ማዕከል በወረቀቱ ላይ በሹል ብረት ይመታል። ከዚያ በትንሽ ፑንታ ተጀምሮ በየደረጃው እየተለቀቀ ወደ ሙሉ ስፋቱ ይደረሳል።
4. የቀዳዳዎቹ ጠርዝ በሞረድ ይለሰልሳል። ከፍ ብሎ የቀረ የብረት ጠርዝ ፊልሙን ከሥሩ ይገፋዋል።
5. ወለሉ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በአንድ አቅጣጫ ይፈተጋል፣ በአልኮል ይጸዳል፤ ከዚያ በኋላ በባዶ ጣት አይነካም። ቀለም የሚቀባ ከሆነም በዚህ ደረጃ ይቀባና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል።
6. ጽሑፉ ይለጠፋል ወይም ይተላለፋል። ተለጣፊ ከሆነ በአንድ ጠርዝ ተጀምሮ አሮጌ የፕላስቲክ ካርድ እየተጫነ ወደ ሌላው ጠርዝ ይሄዳል።
7. ቀዳዳዎቹ በአዲስ ምላጭ ከፊት ወደ ኋላ ይከፈታሉ።
8. የመከላከያ ሽፋን ከሚያስፈልገው ይነፋል፤ ከደረቀ በኋላ ብቻ ዕቃዎቹ ይገጠማሉ።

በመግጠም ጊዜ ዳዶው ፊልሙን ይዞ እንዳይዞር ከሥሩ ሮንዴላ ይገባል፤ ከተቻለም ዳዶው ቆሞ ከኋላ ዕቃው ይያዛል።

## የመከላከያ ሽፋን

በቀጥታ የሚነካ ጽሑፍ ሁሉ ግልጽ ሽፋን ያስፈልገዋል። አክሪሊክ ስፕሬይ አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመንፋት ይልቅ፣ በየመካከሉ እያደረቁ ሦስት ወይም አራት ጊዜ በስሱ መንፋት ይሻላል። የመጀመሪያው ንብርብር እርጥብ ሆኖ ከበዛ በውስጡ ያለው ማሟሟያ ደረቅ ፊደልን ያጨማድዳል፣ ቶነርንም ሊያሟሟ ይችላል። ስለዚህ በተመሳሳይ ቁራጭ ብረት ላይ ቀድሞ መሞከር የተለመደ ጥንቃቄ ነው። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ቶነርንም አክሪሊክንም ስለሚያሟሟ የተጠናቀቀ ፓነል በእሱ አይጸዳም።

## የመሬት መስመርና የብረት ፓነል

ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ የተለጠፈ ፊልምና የአኖዳይዝ ሽፋን ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። ከቤት መብራት ጋር በሚገናኝ መሣሪያ የብረት ፓነሉ ከመሬት መስመር ጋር መያያዝ ስላለበት፣ የመሬት ሽቦው የሚታሰርበት ቦታ እስከ ጥሬ ብረቱ ድረስ ይፋቃል። ይህ የሚደረገው በፓነሉ ጀርባ ስለሆነ ጽሑፉን አያበላሽም። ሥራው ሲያልቅ በመሬት ሽቦውና በፓነሉ መካከል ያለው ሬዚስታንስ በመልቲሜትር ይለካል፤ ከአንድ ኦም በታች ካልሆነ ግንኙነቱ እንደገና ይሠራል። ፓነሉን ለማስዋብ የተነፋው ቫርኒሽ ከመሬት መስመር የለየው ሳጥን ከውጭ የተጠናቀቀ ቢመስልም፣ በውስጡ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ ለሚነካው ሰው አደገኛ ነው።

## የዘዴዎች ንጽጽር

| ዘዴ | ለጥቁር ፓነል | የመፋቅ መቋቋም | ዋና ድክመት |
|---|---|---|---|
| ላሜኔት የተደረገ ወረቀት | ይሆናል | ጥሩ | ጠርዙ እርጥበት ያስገባል |
| በፊልም ጀርባ የታተመ | ይሆናል | በጣም ጥሩ | ፊልሙ ለማተሚያው የሚስማማ መሆን አለበት |
| በካውያ የተላለፈ ቶነር | አይሆንም | ያለ ቫርኒሽ ደካማ | መገልበጥና እኩል ሙቀት ይፈልጋል |
| በውሃ የሚላቀቅ ፊልም | በነጭ ፊልም ብቻ | በቫርኒሽ ጥሩ | ሲለጠፍ ይቀደዳል፣ ይጨማደዳል |
| ላሜኔት ጥብጣብ | ይሆናል | በጣም ጥሩ | ለክብ መለኪያ አይመችም |
| የሌዘር ቅርጽ | ይሆናል | እጅግ ጥሩ | ማሽኑ በቀላሉ አይገኝም |
| የሰርኪዩት ቦርድ ፓነል | ይሆናል | በጣም ጥሩ | ስህተት ካለ እንደገና ማሠራት ይጠይቃል |

ለመጀመሪያ ሥራ ላሜኔት የተደረገው ወረቀት ይመከራል፤ ስህተት ሲገኝ ነቅሎ ሌላ ማተም ቀላል ነው። መሣሪያው ከተሞከረና የማዞሪያዎቹ መለኪያ በመልቲሜትር ከተረጋገጠ በኋላ፣ ያው ንድፍ ዘላቂ በሆነ ዘዴ ሊሠራ ይችላል። ለዚህም ሲባል የንድፉ ፋይል ከሰርኪዩቱ ሥዕል ጋር አብሮ ይቀመጣል።